ላንቻ ሰፈር ከመሆኑ በፊት ሰው ነበር

የአባቴን ፒካፕ ዝቅ ያደረግኳት እኔው ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም። በ1960ዎቹ የመጣች ቶዮታ ናት፣ ፊቷ በሞላ፣ ኋላዋ በባሌስትራ የቆመ። ስልኬ ላይ ሆዳቸው መሬት ሊነካ የደረሰ አሮጌ ፒካፖች ሳይ እያመሸሁ ልቤ ሸፈተ። ሐይቅ ከተማ ውስጥ በሠርግ ቀን ከፊት ስትመራ ታየችኝ። በቃ፣ አንድ ቅዳሜ ግቢያችን ውስጥ ግራይንደር አንስቼ የፊቱን ሞላ አንድ ዙር ተኩል ቆረጥኩት፤ ከኋላው ባሌስትራ ደግሞ ሁለት ብረት አወጣሁ። ወደ 7 ሳንቲ ሜትር ወረደች። አማረች፣ አይዋሽም።

ሾክ አብዞርበሮቹን አልነካኋቸውም። ዘይት አያፈሱም፣ ምን ብዬ እነካለሁ?

ከሳምንት በኋላ ከውጫሌ ሽንኩርት ጭኜ ወደ ሐይቅ ስመለስ ጉድጓድ ገባሁ። ጉድጓድ ስላችሁ ትንሽዬ ናት፤ ድሮ ቢሆን አላያትም ነበር። ከኋላ አንድ ሰው በመዶሻ ሻንሲውን የመታው መሰለኝ። ወዲያው ከመንገዱ ዳር አህያ ወጣች፤ ፍሬን ያዝኩ። የኋላ ጎማዎቹ አስፋልቱን ነክሰው እንደመያዝ እንደ ኳስ ነጠሩና ፒካፗ ጭራዋን ወደ ገደሉ አዞረች። ከዳሩ አንድ እርምጃ ሲቀራት ቆመች። አህያዋ ምንም ሳይመስላት አለፈች። እኔ ግን እጄን ከመሪው ለማላቀቅ ጊዜ ፈጀብኝ። ከጎኔ ታናሽ ወንድሜ ነበር የተቀመጠው።

ጋራዥ የሚሠሩ ወዳጆቼ ምክራቸው አጭር ነበር፦ ገበያ ካለው ሁሉ ጠንካራውን ሾክ ግዛና ግጠም። ልገዛም ነበር። ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ዝቅ ብሎም መንገድ የሚይዝ መኪና ድሮ የሠራ ሰው የለም እንዴ? ማታ ማታ ስልኬን ይዤ ስፈልግ ያገኘሁት ስም ሳቄን አመጣው። ላንቻ! አዲስ አበባ ከመስቀል አደባባይ ወደ ጎተራ ስንሄድ ታክሲ ውስጥ ላንቻ አለ እያልን የምንወርድበት ሰፈር። ስሙ ከአንድ የጣሊያን መኪና ፋብሪካ፣ የፋብሪካው ስም ደግሞ ከአንድ ሰው የመጣ ነው።

ቪንቼንሶ ላንቻ የተወለደው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 24 ቀን 1881 ፎቤሎ በምትባል የሰሜን ጣሊያን የተራራ መንደር ነው። ከአምባሰል ልጅ ጋር የሚያግባባው ነገር ቢኖር ይሄ ነው፤ መንገዱ ጠመዝማዛ፣ ዳሩ ገደል፣ ክረምቱ ክፉ። አባቱ አርጀንቲና ሄዶ በታሸገ ምግብ ንግድ ሀብት ያፈራ ሰው ነው። ልጁ ተምሮ የተከበረ የቢሮ ሥራ እንዲይዝለት ፈለገ። ልጁ ግን ትምህርት አልሆነለትም። ቤተሰቡ ቱሪን ከተማ ውስጥ ባለው ሕንፃ ቼይራኖ የሚባል ሰው ብስክሌትና መኪና የሚሠራበት ክፍል ተከራይቶ ነበርና፣ ቪንቼንሶ በ17 ዓመቱ በሂሳብ መዝገብ ያዥነት እዚያ ገባ። መዝገቡን ምን ያህል እንደያዘው እንጃ! ቀኑን የሚያሳልፈው ከሞተሮቹ ጋር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1899 አዲስ የተቋቋመው ፊያት የቼይራኖን ድርጅት ከነሠራተኞቹ ገዛው። ላንቻ ከነሠራተኞቹ ከሚለው ውስጥ ነበረበትና ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው የፊያት መኪና ሞካሪ ሆነ። ከዚያ እሽቅድምድም። እ.ኤ.አ. በ1904 ብሬሺያ ላይ ኮፓ ፍሎሪዮን አሸነፈ። ግን እንደ ተወዳዳሪ ዝነኛ ያደረገው ካሸነፈው ይልቅ ያመለጠው ነው። በ1905 ፈረንሳይ ውስጥ በጎርደን ቤኔት ውድድር ሲመራ ቆይቶ ከመንገድ የተፈናጠረ ድንጋይ ራዲያተሩን በሳበት። በዚያው ዓመት አሜሪካ ላይ በቫንደርቢልት ዋንጫ ሁሉንም አስከትሎ ሲበር ከሌላ ተወዳዳሪ ጋር ተጋጭቶ አራተኛ ወጣ። ፈጣን ነው፣ መንገዱ ግን ሁሌ አንድ ነገር ይሰብርበታል።

የዚያን ዘመን መኪና አስቡት። የፊትና የኋላ አክሰሉ እንደ ጋሪ ወፍራም ብረት ነው፣ በባሌስትራ ላይ የተቀመጠ። ግራው ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ቀኙም አብሮ ይጣመማል። ሾክ አለው ከተባለም መሃላቸው ላይ የሚፋተግ ንጣፍ ያለባቸው ሁለት የብረት ክንዶች ናቸው፤ እንደ መቀስ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ሲደርቁ ይይዛሉ፣ ሲረጥቡ ይለቃሉ። ላንቻ በዚህ ላይ ተቀምጦ ነው በሰዓት ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳ የነበረው። እኔ በ50 ነው የተንቀጠቀጥኩት።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 1906 ክላውዲዮ ፎጎሊን ከሚባል የፊያት ባልደረባው ጋር ገንዘብ አዋጥተው የራሳቸውን ኩባንያ መሠረቱ። በጥቂት ወራት ውስጥ እሳት ተነስቶ ለመጀመሪያው መኪና ያዘጋጁትን አወደመባቸው። እንደገና ጀመሩ። መኪናዋ ተሠርታ ስታልቅ የወርክሾፑ በር ጠቦ ግድግዳ ፈርሶ ወጣች ይባላል፤ እውነት ይሁን አይሁን፣ ከዚህ ሰውዬ ጋር ይሄዳል። መኪኖቹን በግሪክ ፊደላት መሰየም የጀመረው ደግሞ የጥንት ቋንቋ አዋቂ በነበረው ወንድሙ ምክር ነው። አልፋ አለ፣ ቀጠለ።

ሰውዬው ግዙፍ ነበር። ምግብ ይወዳል፣ ኦፔራ ይወዳል፣ በተለይ የዋግነርን። መሐንዲስነት አልተማረም። ሥዕል ፊት ቁጭ ብሎ ከመከራከር መኪናዋን ነድቶ መቀመጫው ላይ የሚሰማውን ይናገር ነበር። ይሄን ሳነብ ደስ አለኝ፤ የኛም አገር ጎበዝ ሜካኒክ መጀመሪያ በጆሮው ነው የሚሠራው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አንድ ቀን እናቱን ይዞ ወደ ፎቤሎ እየነዳ ነበር። መኪናዋ ካፓ የምትባል ትልቅና ጠንካራ የራሱ ሥራ ናት። ጉድጓድ ገባ፤ የፊት ባሌስትራው ተሰበረ። እናቱ ከጎኑ ናቸው፣ መንገዱ የተራራ ነው። በመከራ አቆማት።

እዚህ ጋ ስደርስ ስልኩን አስቀመጥኩት። ወንድሜና አህያዋ ትዝ አሉኛ።

ሌላ ሰው ቢሆን ባሌስትራው ላይ አንድ ብረት ይጨምርበታል። እሱ የጠየቀው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ለምንድን ነው ሁለቱ የፊት ጎማዎች አንድ ብረት ላይ የታሰሩት? ባቲስታ ፋልኬቶ የሚባለውን ወጣት ንድፍ አውጪውን ጠርቶ፣ እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው የሚወጣና የሚወርድበት ዘዴ እንዲያመጣለት አዘዘው። ፋልኬቶ አንድ ሌሊት ቁጭ ብሎ 14 የተለያየ ንድፍ ይዞ መጣ ይባላል። ከነዚያ አንዱ ተመረጠ። ጎማው ቀጥ ብሎ በቆመ የብረት ቱቦ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ቱቦው ውስጥ ሞላ አለ፤ ከሞላው ጋር በዘይት የሚሠራ ሾክ አብዞርበር አብሮ ተቀምጧል። ሞላውና ሾኩ ለአንድ ርቀት፣ ለአንድ ክብደት፣ አብረው የታሰቡ ናቸው። እኔ በግራይንደር የለያየኋቸው እነዚህን ሁለቱን ነው።

ላንቻ በዚህ አላበቃም። የመርከብ ቀፎ አይቶ፣ መኪና ለምን ከባድ ሻንሲ ላይ ይጫናል፣ አካሉ ራሱ ሻንሲ ቢሆንስ ብሎ ሐሳቡን በጦርነቱ ማብቂያ ላይ በፓተንት አስመዝግቦ ነበር። ሁለቱ ሐሳቦች ሲጋጠሙ እ.ኤ.አ. በ1922 ፓሪስ ላይ የታየችው ላምዳ ተወለደች። ሻንሲ ስለሌላት፣ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ዘንግም በመሃል በተሠራ ቦይ ውስጥ ስለሚያልፍ፣ ሰዎቹ ዘንጉ ላይ ሳይሆን በግራና በቀኝ ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ። በጊዜው ከነበሩት መኪኖች አጠገብ ስትቆም ተቀምጣ የቆመች ነው የምትመስለው። ሞተሯ ወደ 50 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው፤ በኩርባ ላይ ግን በጉልበት የሚበልጧትን ጥላ ትሄዳለች። በ1931 ምርቷ እስኪቆም ከ11 ሺህ በላይ ተሠሩ።

ልብ በሉ፤ ላምዳ ዝቅ ያለችው መቀመጫዋና አካሏ ስለወረዱ ነው። ጎማዎቿ ወደ ላይ የሚሄዱበት ቦታ አልተነካም። እኔ ደግሞ አካሉን ያወረድኩት የጎማውን መሄጃ በልቼ ነው። ከውጭ ሲታይ አንድ ነው፣ ሁለቱም ዝቅ ያለ መኪና ነው። ጉድጓድ ሲመጣ ነው የሚለዩት።

በማግስቱ ሜትር ይዤ ፒካፗ ሥር ገባሁ። የኋላውን ሾክ ከላይኛው ቡሎን እስከ ታችኛው ለካሁት። ሾኩ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ 30 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት 48። ድሮ ባዶዋን ስትቆም 40 ላይ ነበር፤ ስለዚህ ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ሾኩ የሚዘጋበት 10 ሳንቲ ሜትር ነበረው። እኔ 7 ወሰድኩበት። ቀረው 3። ሽንኩርቱን ስጭን ያቺም አለቀች። ያ የመዶሻ ድምፅ የሾኩ ውስጠኛ ብረት ከቂጡ ጋር ሲጋጭ ነበር። የተዘጋ ሾክ ሾክ አይደለም፣ ዱላ ነው። ጎማው የሚነጥረውም ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው ሾክ መኪናውን የሚሸከም ይመስለዋል። አይሸከምም። የሚሸከሙት ሞላውና ባሌስትራው ናቸው። የሾክ ሥራ መረጋጋት ነው፤ ውስጡ ያለው ፒስተን ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳ እየገፋ የሞላውን ዝላይ ወደ ሙቀት ይቀይራል። ለዚህ ነው ረጅም ኮረኮንች ነድታችሁ ስትነኩት የሚያቃጥለው። ታዲያ በጣም ጠንካራ ሾክ ገጥሞ የጠፋውን ቦታ ማካካስ አይቻልም። ጎማው በፍጥነት መውረድ አቅቶት ከመንገዱ ጋር ይለያያል፣ በተለይ ባዶ ፒካፕ ኋላ ላይ። ገበያ ላይ ጠንካራ ተብለው የሚቀርቡት ደግሞ ብዙዎቹ ከፍ ለተደረገ መኪና የተሠሩ ናቸው፤ ረጅም ናቸው። ለኔ የሚያስፈልገኝ ተቃራኒው ነው።

ሌላው ያላወቅኩት ነገር፦ ሞላ ሲቆረጥ ይጠነክራል፤ ባሌስትራ ብረት ሲወጣለት ይለሰልሳል። ስለዚህ ፊቷን አደንድኜ ኋላዋን አልፈስፍሼ ነበር፣ በአንድ ቅዳሜ። በዚህ ላይ አራቱንም አንድ ዓይነት ሾክ ብገጥም ምን ይፈጠር እንደነበር አስቡት።

ታዲያ እንዴት ይመረጣል? ክሪክ አስገብቼ አክሰሉን ወደ ላይ ገፋሁት፣ የመከላከያው ጎማ ሻንሲውን እስኪነካ ድረስ፤ በቡሎኖቹ መካከል ያለውን ለካሁ። ይሄ ሾኩ ሊደርስበት የሚችለው አጭር ልክ ነው። ከዚያ ሻንሲውን አንስቼ ጎማውን አንጠለጠልኩት፤ እንደገና ለካሁ። ይሄ ረጅሙ ነው። የሚገዛው ሾክ ሲዘጋ ከአጭሩ ልክ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ማጠር አለበት፤ ሲከፈት ከረጅሙ ልክ ትንሽ መርዘም አለበት። ምንጊዜም መኪናዋን የሚያቆማት ጎማው መከላከያ እንጂ ሾኩ መሆን የለበትም። ካያባም ይሁን ሞንሮ፣ ካርቶኑ ላይ ካለው የመኪና ስም በፊት እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጠይቁ። ደሴ ስሄድ ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጽፌ ይዤ ነው የሄድኩት፤ አንዱ ባለሱቅ በትዝብት አየኝ፣ ሌላው ግን ሜትሩን አውጥቶ አብሮኝ ለካ።

ጋዝ ይሻላል ዘይት የሚለው ክርክር ደግሞ አለ። ጋዝ የሚባለውም ውስጡ ዘይት ነው፤ ጋዙ የተጨመረው ዘይቱ ሲሞቅ አረፋ እንዳይሠራና እንዳይደክም ነው። ከቦሩ ሜዳ ወደ ሐይቅ ለሚወርድ መንገድ፣ ኩርባ ሲደጋገም፣ ጥቅም አለው። እኔ ለኋላ መለስተኛ የጋዝ ግፊት ያለውን መረጥኩ፣ ለፊት ተራ የዘይት። ሁልጊዜም ግራና ቀኙ አብረው ይቀየራሉ። አንዱን አዲስ አንዱን አሮጌ አድርጋችሁ ፍሬን ከያዛችሁ የኔን አህያ ታገኟታላችሁ።

የላንቻን ታሪክ እዚህ ጋ ብተወው ደስ ባለኝ። ግን ሐይቅ ተወልዶ ይሄን መተው አይቻልም።

ፋብሪካው የጭነት መኪናም ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1932 ሮ የሚባለውን ባለናፍጣ ካሚዮን አወጣ፤ የጣሊያን ጦር ደንበኛው ሆነ። ከእኛ መንደር ወደ ሰሜን ትንሽ ብትሄዱ ውጫሌ ናት፤ ይስማ ንጉሥ ላይ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል በአንቀጽ 17 ምክንያት ዓድዋን ወለደ። ዓድዋ ላይ የተሸነፈው ጦር በእግሩና በበቅሎ ነበር የመጣው። ከ40 ዓመት በኋላ በሞተር መጣ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ በአውሮፕላን ተደበደበች። ሚያዝያ ላይ ከተማዋ ተያዘች፤ ባዶሊዮ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ወደ 1,700 ገደማ መኪና አሰልፎ ተነሳ፤ ፊያቱ፣ ላንቻው፣ ፎርዱ ተደባልቆ። ቀጥሎም መንገዱ በድንጋይ ተነጠፈ፤ ከአስመራ በውጫሌ፣ በሐይቅ፣ በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባው። ዛሬ የምነዳው በዚያው መስመር ነው። ባሌስትራ፣ ሞላ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ቸርኬ የምንለውም ከዚያ ቋንቋ ነው። ጋራዥ ገብተን አንድ ዓረፍተ ነገር ስንናገር ግማሹ የነሱ ነው፤ ሥራውን ግን አባቶቻችን የራሳቸው አደረጉት፣ ያለ መለዋወጫ፣ በሽቦና በብልሃት።

ላንቻ ራሱ የመጨረሻ መኪናውን በብዛት ተሠርታ አላያትም። አፕሪሊያ ትባላለች፤ ትንሽ፣ ቀላል፣ አራቱም ጎማዋ ለየብቻው የሚሠራ። እ.ኤ.አ. በ1936 መጨረሻ ፓሪስ ላይ ታየች። ሰውዬው የካቲት 8 ቀን 1929 ዓ.ም. ቱሪን ላይ ልቡ ቆሞ ሞተ፤ 55 ዓመቱ ነበር። ፎቤሎ ተቀበረ፤ ባለቤቱ አዴሌ ኩባንያውን ያዘች፣ ልጁ ጃኒ ገና ልጅ ነበር። እሱ በሞተ በአራተኛው ቀን አዲስ አበባ ላይ የካቲት 12 ሆነ። እነዚህን ሁለት ቀኖች ጎን ለጎን ሳያቸው ምን እንደምል ግራ ይገባኛል። ለእናቱ ብሎ ጎማን ከጎማ የለየውን ሰው አደንቀዋለሁ። የእሱ ስም የተለጠፈበት ካሚዮን በኛ ደጅ ምን ጭኖ እንዳለፈም አውቃለሁ። አንዱን ለሌላው ብዬ አልሰርዝም።

ፒካፗን ደግሞ እንዲህ አደረግኳት። የተቆረጠውን ሞላ ጥዬ ያልተነካ አስገባሁ፤ ለባሌስትራው ካወጣሁት አንዱን ብረት መለስኩለት። አሁን ከድሮው የወረደችው ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ጓደኞቼ ዝቅ ማለቷን ካልነገርኳቸው አያውቁም። ሾኮቹ በልኳ ናቸው። ባለፈው እሑድ ያቺን ጉድጓድ ሆን ብዬ ፈለግኳት፣ ሽንኩርቱም ተጭኖ፣ ወንድሜም ከጎኔ ተቀምጦ። ስንገባባት አንዴ ዝቅ፣ አንዴ ቀና አለችና ዝም አለች። ወንድሜ ስልኩን እያየ ስለነበር ማለፋችንን አላወቀም።